ጠመንጃው በአንድ በሬ፣ ጥይቱስ?

ስሙኝማ! የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ የሐይቅና የኩታበር፣ የተንታና የወረኢሉ ሰዎች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ የጀግና ታሪክ አይደለም። የጀግናውን አዝማሪውም ያወርድላችኋል። የእኔ ወግ ስለ ኪስ ነው። ኪሱ የሳሳ ሰው የመጀመሪያ ጠመንጃውን ሊገዛ ሲነሣ ምን ያያል? ምን ይጠይቃል? የቱ ጋ ይታለላል? ነገሩ የአንድ ገበሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነገሥታቱም እንደ ገበሬው ቦርሳቸውን እየዳበሱ ገበያ ወጥተዋል። ያተረፈውም የከሰረውም ሒሳቡን የዘጋው ደግሞ እዚሁ ወሎ ምድር ላይ ነው።

ከመቅደላ እንጀምር።

ዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ ፈለጉ፤ የሚሸጥላቸው ግን አጡ። ምጽዋ በባዕድ እጅ ናት። ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤም ለዓመታት መልስ ሳይመጣለት ቆየ። መግዛት ያልቻለ ይሠራል አሉና ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን ሰብስበው “መድፍ ሥሩልኝ” አሏቸው። ሚሲዮናውያኑ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ መድፍ መሥራት የት ያውቃሉ! ቢሆንም እየሞከሩና እያበላሹ ሠሩት። ትልቁ ሴባስቶፖል ተባለ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። ያንን ብረት ሕዝቡ በጠፍር እየጎተተ፣ መንገድ እየተቆፈረለት፣ ደላንታን አቋርጦ፣ የበሺሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ መቅደላ አደረሰው። ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ።

በዚያው ወራት ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ባሕሩ ዳር፣ ዙላ ላይ ወርዷል። 13,000 ወታደር አለው፤ መድፉን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም አሉት። “ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ” የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ግን እዩልኝ፣ ይህ ሁሉ ሀብት ያለው የእንግሊዝ መንግሥት በጠመንጃ ላይ ቆጥቦ ነበር። ወታደሮቹ የያዙት ሰናድር አዲስ ጠመንጃ አልነበረም። በአፉ የሚጎረሰውን አሮጌውን ኤንፊልድ ወስደው ኋላውን ቆረጡት፤ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ገጠሙለት፤ አለቀ። አዲስ ከመሥራት ይልቅ አሮጌውን ማደስ ረከሰላቸው። ወታደሩ ግን የሚያጎርሰው ከኋላ ነው፤ ጥይቱም ባሩዱና እርሳሱ ባንድ ቀለህ የታሸገ ነው።

የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ከፋህላ አምባ ሥር አሮጌ በሚባለው ሜዳ ሁለቱ ተገናኙ። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን እየመራ ከአምባው ወረደ። የእኛ ሰው ጠመንጃ የለውም አትበሉ፤ አለው። ባለ ሁለት አፈሙዝ የያዘም ነበር። ነገር ግን አንዴ ከተኮሰ በኋላ ይቆማል። ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳል፤ እርሳሱን ይከታል፤ በዘንግ ይጠቀጥቃል፤ እሳት የሚሰጠውን ቆብ ያደርጋል፤ ከዚያ ያነጣጥራል። በደቂቃ ሁለት ሦስቴ ቢተኩስ ጎበዝ ነው። ሰናድር የያዘው ግን አሥር ጊዜ ይተኩስበታል። ከእኛ 700 ያህል ሰው ወደቀ፤ ገብርዬም እዚያው ቀረ። ከእንግሊዝ በኩል የቆሰሉት 20 ያህል ናቸው፤ ከእነሱም የሞቱት ሁለት።

ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው መቅደላ፣ አምባ ማርያም ላይ አለ፤ ሄዳችሁ እዩት። ትልቅ ነው፤ ያስፈራል። ከስቅለቱ በሦስተኛው ቀን ግን ንጉሡን አላዳናቸውም። ቀኑን የወሰነው በወታደር ኪስ ውስጥ ያለው የጣት ያህል ቀለህ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ገዢ እንሂድ። ይኼኛው ገበያ ያውቃል።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ነው። አርተር ሬምቦ የሚባል ፈረንሳዊ፣ ባገሩ በልጅነቱ በግጥም ስም ያወጣ፣ ኋላ ግጥሙን ትቶ ንግድ የገባ ሰው፣ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ደረሰ። በግመል ያመጣው 2,000 ያህል ጠመንጃ ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ ለቤተሰቡ ሲጽፍ የንግዱን ሚስጥር አውጥቶታል፦ ጠመንጃዎቹ ከ40 ዓመት በፊት ከአውሮፓ ጦር የተጣሉ ናቸው፤ ሊዬዥ ከተማ ከአሮጌ ብረት ነጋዴ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛሉ፤ ለሸዋው ንጉሥ ግን 40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣሉ። እንግዲህ ትርፉን አስሉት!

ትርፉ ግን አልመጣም። ምኒልክ በዚያው ሰሞን ሐረርን ይዘው፣ እዚያ ካገኙት ረሚንግተን ጠመንጃ ጋር ተመልሰው ነበር። የሬምቦን ቆብ-ተኳሽ አገላብጠው አዩና ዋጋውን ሰበሩት። የሞተው የሬምቦ የንግድ ሸሪክ ዕዳ ነበረበት፤ እሱንም ከላዩ ላይ አስቆረጡ። የቀረውን ደግሞ በእጅ አልሰጡትም፤ “ሐረር ሄደህ ከገዥው ከመኮንን ተቀበል” አሉት። ሰውዬው እያማረረ ወረደ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ የተመነጠረው ግን ሻጩ ነው።

የምኒልክ ብልሃት ዋጋ መስበር ብቻ አልነበረም። ከአንድ ሱቅ አይገዙም። ከፈረንሳይ ነጋዴ ይገዛሉ፤ ከጣሊያን መንግሥትም ይቀበላሉ። የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ላለመወገን 5,000 ረሚንግተን ሊሰጣቸው ተዋዋለ። ከዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ሌላ ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17ን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ነገር ግን በዚያ ውል ውስጥ የምኒልክ መሣሪያ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ የሚልም ቃል ነበረበት። ንጉሡ የጥይቱን መንገድ ረስተው አልፈረሙም። ኋላ በአንቀጽ 17 ሰበብ ነገር ሲበላሽ ጣሊያን የምጽዋን በር ዘጋ፤ የጅቡቲው ግን እንደተከፈተ ነው። ሁለት በር ያለው ቤት በአንዱ ቢዘጋበት በሌላው ይወጣል።

በ1888 ዓ.ም. መስከረም ክተት ታወጀና ጦሩ በጥቅምት ወረኢሉ ላይ እንዲገናኝ ታዘዘ። ዐድዋ ላይ የሆነውን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጣሊያኖች በዚያን ጊዜ ካርካኖ የሚባል አዲስ ጠመንጃ ነበራቸው። ዐድዋ ላይ ብዙው ወታደራቸው የተሰለፈው ግን አሮጌውን ቬተርሊ ይዞ ነው። ለምን? ጄኔራል ባራቲየሪ መጋዘን የሞላ የአሮጌ ጥይት ክምችት ስለነበረው መጀመሪያ እሱ ይለቅ ብሎ ነው። ጠመንጃውን የመረጠው ጥይቱ ነው እንጂ ጄኔራሉ አይደለም።

እሺ፣ ነገሥታቱን ተውና አሁን አንድ ወጣት ገበሬ እንፍጠር። ስም አንሰጠውም። የኩታበር ሰው ይሁን። ዘመኑ ከዐድዋ በኋላ፣ ራስ ሚካኤል ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉበት ጊዜ ይሁን። ጥማድ በሬ አለው። አንዱን ይሸጥና ጠመንጃ ይገዛል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ በሬ የቀረው ሰው ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ ነው የሚያርሰው። ዝናቡ ሲወርድ መጀመሪያ የማን ማሳ ይታረስ የሚለው ጭቅጭቅ እንግዲህ እሱን ይጠብቀዋል።

ዐድዋ የዘመተ አጎቱን አስከትሎ ገበያ ወጣ። ሻጩ ቆዳ አንጥፎ አራት ጠመንጃ ደርድሯል። መጀመሪያው በአፉ የሚጎረስ ነው፤ ጠላትን “ቆመህ ጠብቀኝ” የሚል፤ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል። ሁለተኛው ሰናድር። ሦስተኛው ውጅግራ፤ በፈረንጅ 1874 የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ። አራተኛው ለበን፤ ውጅግራን የተካው፣ የሚያብረቀርቀው። የልጁ ዓይን የት እንደሄደ ታውቃላችሁ።

“ወንድሜ፣ ይህ ለበን ነው” አለ ሻጩ። “ጭስ የለው። ተኩሰህ የት እንዳለህ የሚያውቅብህ የለም።”

አጎትየው ጣልቃ ገባ። “ጥይቱስ?”

“አምስት አለችው።”

“ከአምስቱ በኋላስ?”

“አላህ ያውቃል፣ ጋሼ።”

“እንግዲያው እሱ እስኪያሳውቅህ ድረስ እኛ ውጅግራውን እንይ።”

ልጁ አኮረፈ። አጎትየው ግን ሒሳቡን ያውቀዋል። ለበን ጭስ የለውም የተባለው ባሩዱ ሌላ ስለሆነ ነው፤ ያ ባሩድ ከፈረንጅ ፋብሪካ በቀር አይሠራም። ውጅግራ የሚበላው ጥቁሩን ባሩድ ነው፤ እሱን ደግሞ አገር ቤት የሚወቅጥ ባለሙያ አለ። የተተኮሰውን ቀለህ የሚጥል ሞኝ ነው። ቀለሁ ይለቀማል፤ እንደገና ባሩድ ይሞላል፤ እርሳስ ይገጠምለታል። ፈረንሳይ ደግሞ ለበንን ስትይዝ ውጅግራውን እንዳለ ወደ ገበያ ስለለቀቀችው ጥይቱ በየአገሩ ሞልቷል። እንዲያውም በዚያ ዘመን ገበያ ላይ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከጠገራ ብር ጎን ቆሞ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ዝናሩ የሞላ ሰው ቡናም በርበሬም ይገዛበታል። ለበኑን የያዘ ሰው አምስቷን ከጨረሰ በኋላ በእጁ የሚቀረው ውድ ዱላ ነው።

ዋጋው ሳይነሣ ምርመራው ቀደመ። አጎትየው የኋላውን መዝጊያ ከፈተ። አውራ ጣቱን ከመክፈቻው ፊት አስጠጋ፤ ጥፍሩ ላይ ፀሐይ እንድታርፍ አደረገ፤ በአፈሙዙ በኩል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ አየ። የውስጡ ጥምዝ መስመር እየዞረ ሲሄድ ከታየ ደግ ነው። ዝገት በልቶ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደረገው ቦታ ካለ ግን እርሳሱ በፈለገው አቅጣጫ ይሄዳል። ቀጥሎ መዝጊያውን ወደ ፊት ወደ ኋላ አንቀሳቀሰና ጆሮውን ሰጠ፤ ቢንገዳገድ በተኳሹ ፊት ላይ እሳት ይተፋል። ከዚያ ባዶ ቀለህ አጉርሶ ዘጋ፤ ምላጩን ሳበ፤ ቀለሁን አውጥቶ ቂጡን አየ፤ መርፌው ከመሐል መትቶ እንደሆነ ተመለከተ። ሰደፉ አንገቱ ላይ በጠፍር ታስሯል። ልጁ ይህን አይቶ “የተሰበረ ነው!” ብሎ ሊሸሽ ሲል አጎትየው ያዘው። ጠፍር ርጥብ ሆኖ ተጠምጥሞ ሲደርቅ እንጨቱን አንቆ ይይዛል፤ ለዓይን ያስቀይማል እንጂ ለተኩስ አያሰጋም። ዋጋ ለመስበር ግን ይጠቅማል። አጎትየው ጠፍሩን እየነካካ ራሱን ነቀነቀ፤ እየነቀነቀም ዋጋውን አስወረደ። በተረፈችው ጠገራ ብር ጥይት ገዙ። ልጁ ጥርሱን እየነከሰ ውጅግራውን አነገተ።

ይህ ሁሉ የተረት ወግ ነው እንዳትሉኝ አሁን ወደ እውነቱ ልመልሳችሁ፤ ወደዚሁ ደሴ።

በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን እንደገና ለወረራ ሲዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ፍርድ ይመስላል፤ ግን ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ አለው፤ እኛ የለንም። ክልከላው የመታው ገዢውን ብቻ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ ወረዱ፤ ኅዳር 26 ቀን አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን ደበደቡ፤ ሆስፒታሉም አልቀረም። ንጉሠ ነገሥቱ ከመትረየስ ኋላ ሆነው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ከፎቶግራፉ ጀርባ ያለውን ልንገራችሁ። በየመንገዱ ወደ ሰሜን የሚጎርፈው ሠራዊት የያዘው ጠመንጃ የአባቱ፣ ያያቱ፣ ከየዘመኑ የተገዛው ነው፤ ሰናድሩ፣ ውጅግራው፣ ለበኑ፣ ምንሽሩ ሁሉ ባንድ ሰልፍ ላይ አለ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ጥይት ግን የለም። የዚህ ጥይት ለዚያ አይሆንም። ጓድህ ቢወድቅ ዝናሩን ፈትተህ ታያለህ፤ ለአንተ ብረት አይገባም። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ በርካሽ ሲለቃቀም የኖረው ዕቃ ማይጨው ላይ ዕዳውን ጠየቀ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው፤ ሚያዝያ 7 ቀን ጣሊያን ደሴ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ምርጫው ተገለበጠ። አርበኛው የሚገዛበት ብር የለውም፤ ጥይት የሚያልፍበት ወደብም የለም። ታዲያ የትኛው ጠመንጃ ይሻለዋል? ጠላቱ የያዘው! ጣሊያን ለቅኝ ወታደሮቹ ካደላቸው መካከል ምንሽር ነበረና፣ ምንሽር የያዘ አርበኛ ጥይቱን ከጠላቱ ወገብ ይፈታል። ምንሽር በየዘፈኑና በየፉከራው የገባው በውበቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሚቀልበው ጠላት ራሱ ስለነበረ ነው። በመጨረሻም በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮችና አርበኞች የኮምቦልቻን ማለፊያ ሰብረው ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ገቡ።

ያ ዘመን አልፎ ሌላ መጣ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን ክላሹ ወደየገበሬው ጎጆ ገባ። ያኔ የአባት ምንሽር ግድግዳ ላይ ወጣ። ክላሹ ከምንሽሩ አርቆ ስለሚመታ አይደለም፤ አርቆ የሚመታስ ምንሽሩ ነው። ነገር ግን የክላሽ ጥይት መንግሥትም ጋ፣ ጫካም ጋ፣ ጎረቤት አገርም ያለው ያው አንዱ ነው። የምንሽሩ ግን እንዲህ እንደ ልብ አይገኝም። ልጆች የአያታቸውን ብረት ሲያዩ “ስንት ያወጣል?” ይላሉ፤ ጥይቱ ከጠፋ የሚያወጣው ትዝታ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከመቅደላ እስከ ኮምቦልቻ ያየነው ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ የሚቀልበው ማን ነው? ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፤ ጥይት ግን ዕድሜ ልክ ይገዛል። ጥይቱን የሚሸጥልህ ሰው ደግሞ በሩን በዘጋ ቀን ጌታህ ይሆናል። ቴዎድሮስ የሚሸጥላቸው አጡ፤ ምኒልክ ሁለት በር አበጁ፤ ኃይለ ሥላሴ በሩ ሁሉ ተዘጋባቸው።

ዛሬ ደግሞ ከጥይቱ የሚቀድም ጥያቄ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም፣ መሸጥም፣ መግዛትም ወንጀል ነው። ስለዚህ ዛሬ ያ የኩታበር አጎት ቢነሣ አፈሙዙን ከማየቱ በፊት “ወረቀቱስ?” ይል ነበር። ሻጩ “አላህ ያውቃል” ካለው ልጁን ጎትቶ ወደ ቤቱ ነው።

ሌላም ሒሳብ አለ፤ እሱን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። ጠመንጃ በደኅናው ቀን ውድ ነው። በክፉ ቀን፣ ሁሉ ሰው ሻጭ በሚሆንበት ቀን፣ ዋጋው ይወድቃል፤ ይህን ወሎ በድርቅ ዘመን የበሬንም የላምንም ዋጋ እያየ ተምሮታል። በሬ ግን እስከዚያ ድረስ ያርሳል። ስለዚህ ጎበዝ፣ ፈቃዱ ሳይኖር፣ ጥይቱ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ፣ መቀናጆ የሚገባለት ጎረቤት ሳያገኝ በሬውን የሸጠ ሰው ጠመንጃ አልገዛም፤ ዕዳ ነው የገዛው።